ፈቃዱን አሳዩን፣ ስልኩን ተዉት

ፋርማሲ ገብታችሁ መድኃኒት ስትገዙ ከመደርደሪያው ጎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ሳታዩ አትቀሩም። የባለሙያዋ ስምና ፎቶ፣ የሙያ ዘርፏ፣ የፈቃድ ቁጥሯ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን፣ ከሥር ማኅተም። ወረቀቱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ይህች ሰው ይህን ሥራ እንድትሠራ ተፈቅዶላታል ወይ?" የሚል። ለደንበኛ ይኸው ይበቃዋል። ፋርማሲስቷ የት ሰፈር እንደምትኖር፣ ማታ በየትኛው ቁጥር እንደምትገኝ አልተጻፈም። "ለምን አልተጻፈም?" ብሎ የተቆጣ ደንበኛም እስካሁን አላጋጠመኝም።

መረጃው ከግድግዳ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን ነገሩ ይቀየራል። ፈቃድ ለማውጣት ወይም ለማሳደስ የሚሞላውን ቅጽ አስቡት። ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቀን፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የእጅ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የመታወቂያ ቁጥር። ይህ ሁሉ ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር በአንድ ኤክሴል፣ በአንድ መስመር ላይ ይቀመጣል እንበል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ "ፈቃዳችሁ ታትሞ የደረሰ መጥታችሁ ውሰዱ" የሚል ማስታወቂያ ማውጣት ይፈልጋል። ስሞቹን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ፋይሉን እንዳለ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን የሰከንዶች ሥራ ነው። የቸኮለ ሰው የቱን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም።

የስም ዝርዝር ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለሥልጠና የተመረጡ፣ ለፈተና የተጠሩ፣ ያለፉ፣ የተጠባበቁ፤ አንዳንዱ ስም ከነስልኩ። ስማችንን ፈልገን ስናገኝ ደስ ይለናል፣ ስክሪንሾት አንስተን ለጓደኛ እንልካለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። ፋይሉ ግን ይቀራል። ፎርዋርድ ይደረጋል፣ ዳውንሎድ ይደረጋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንኳ የማናውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ይገኛል።

የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው። ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች፣ ማለትም ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ ጠበቆች፣ መሐንዲሶች፣ ኦዲተሮች፣ የግል አድራሻቸውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጡት ወደው አይደለም። ካልሰጡ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ እንጀራ የለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሳይሆን አደራ ነው። ሕዝብ የማየት መብት ያለው ፈቃዱን ነው። ስልኩን አይደለም።

መዝገቡ ለምን ተፈጠረ?

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። መንግሥት ለምንድነው ለአንዳንድ ሙያዎች ፈቃድ የሚሰጠው? ለጫማ ጠራጊ የሙያ ፈተና የለም፤ ጫማችሁ ከጸዳ ታያላችሁ፣ ካልጸዳም ታያላችሁ። ሐኪም ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የታዘዘላችሁ መድኃኒት ትክክለኛው ይሁን አይሁን በዓይን አይታይም። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም። ኢኮኖሚስቶች ይህን የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ያሳየው በአሮጌ መኪና ገበያ ነው። ገዢው ጥሩውን መኪና ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። ገበያው ውስጥ ብልሹው ይቀራል። በዚህና በተያያዙ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። አከርሎፍ በዚያው ጽሑፉ መፍትሔ ብሎ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ የሙያ ፈቃድ ነው። ገዢው ራሱ መለየት ያልቻለውን ሌላ አካል መርምሮ ያረጋግጥለታል።

እንግዲህ የፈቃድ መዝገብ ሥራው ይህንን ክፍተት መሙላት ነው። ስም፣ ሙያ፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ፈቃዱ በሥራ ላይ ነው ወይስ ታግዷል፣ መቼ ያበቃል፣ የዲሲፕሊን ቅጣት አለበት ወይ፣ የት ይሠራል። እነዚህ ሁሉ የደንበኛውን ጥያቄ ይመልሳሉ። የእጅ ስልክ ቁጥርስ? ቁጥሩ በ0911 መጀመሩ ባለቤቱ የቆየ ደንበኛ መሆኑን ይነግራችሁ ይሆናል እንጂ ቀዶ ሕክምና መቻሉን አይነግራችሁም። የቤት ቁጥርም እንደዚያው።

ሌላም ነገር አለ። ዝርዝሩን እንዳለ የለቀቀው ሠራተኛ ያተረፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለሚመጣው ጣጣ የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም። ከፋይዋ ሌሊት ስልኳ የሚጮኸው ነርስ ናት። ትርፉ አንድ ቦታ፣ ወጪው ሌላ ቦታ ሲሆን ጥንቃቄ በራሱ አይመጣም። ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አድራሻው መዝገብ ውስጥ እንዴት ገባ?

ይህ ልማድ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጡት የሕክምና ሕግ የሐኪሞች መዝገብ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው የታተመ መዝገብ በቀጣዩ ዓመት ወጣ። እዚያ ላይ የሐኪሙ ስም፣ ማስረጃውና የመኖሪያ አድራሻው ነበረበት። በዚያን ዘመን ይህ ትርጉም ይሰጥ ነበር። ብዙው ሐኪም የሚሠራው እቤቱ ነው፤ ታማሚውም የሚመጣው እዚያው ነው። ቤትና ክሊኒክ አንድ ነበሩ።

ዛሬ ነርሷ የምትሠራው ሆስፒታል ነው። ታማሚው የሚፈልጋትም እዚያ ነው። ቤትና ሥራ ከተለያዩ ቆይተዋል፤ በብዙ ሀገር ቅጹ ግን አልተቀየረም። እንግሊዞች ራሳቸው ለውጠውታል። አሁን የሀገሪቱ የሐኪሞች ጠቅላላ ምክር ቤት ኢንተርኔት ላይ ባለው መዝገቡ ማንኛውንም ሐኪም ፈልጋችሁ ስሙን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ዲግሪውን፣ ፈቃዱ መኖሩንና ስፔሻሊስት መሆኑን ታያላችሁ። የመኖሪያ አድራሻውን አታዩም። በዚህ ምክንያት ታማሚ የተጎዳበት ነገር የለም።

ወረቀትና ኮምፒውተርም አንድ አይደሉም። ድሮ የአንድ ሰው አድራሻ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ "ለሕዝብ ክፍት" ቢሆን እንኳ፣ ለማግኘት ሄዶ መሰለፍ፣ ደብዳቤ ማስገባት፣ "መዝገብ ቤቷ ምሳ ወጥታለች" መባል ነበረበት። ያ ችግር ራሱ መከላከያ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 በሰጠው አንድ ውሳኔ ይህንኑ ነጥብ አንስቷል። በየፍርድ ቤቱ ተበታትኖ ተፈልጎ የሚገኝ መረጃና በአንድ ኮምፒውተር ተጠቃሎ የተቀመጠ መረጃ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው የሰውን የግል ሕይወት ይበልጥ ይነካል ብሏል። ይህ ሲባል ስማርትፎን አልነበረም። ቴሌግራም አልነበረም።

ስልክ ቁጥር እኛ ጋ ምን ማለት ነው?

ውጭ ሀገር ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ በብዛት የሚያሳስባቸው የቤት አድራሻ ነው። እኛ ጋ ፖስተኛ በየቤቱ አይዞርም፤ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ነው። የቤት ቁጥር ይዛችሁም ቢሆን "ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሰማያዊ በር" ካልተባለ ቤቱን አታገኙትም። ስልክ ቁጥር ግን ሌላ ነው።

አስቡት። የባንክ መልእክት የሚገባው በዚያ ቁጥር ነው። የሞባይል ባንኪንግ የሚከፈተው በዚያ ነው። ቴሌብር ማለት ራሱ ቁጥሩ ነው። ቴሌግራም የተከፈተበት እሱ ነው። የአንድን ሰው ቁጥር ስልካችሁ ላይ ሴቭ ብታደርጉ፣ ሰውዬው ሴቲንጉን ካልቀየረ በቀር የቴሌግራም አካውንቱን፣ ፎቶውን ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የመገናኛ መንገድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መታወቂያም ቦርሳም ሆኗል።

"ካስቸገሯት ቁጥሯን ትቀይር" የሚል አይጠፋም። መቀየር ግን ምን እንደሚያስከትል የሞከረው ያውቀዋል። በየባንኩ ቅርንጫፍ መመላለስ፣ ቴሌብር እንደ አዲስ፣ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ "ይህ አዲሱ ቁጥሬ ነው" ማለት፣ የማኅበርና የዕድር ሰዎችን ማሳወቅ። ያልተናገራችሁት ሰው "ስልኳን ዘጋችብኝ" ብሎ ይቀየማል። ስለዚህ አንዴ የወጣ ቁጥር በተግባር አይመለስም።

ማን ይፈልገዋል?

"የነርስ ስልክ ቁጥር ለማን ይጠቅማል?" ብላችሁ ይሆናል። ለብዙ ሰው።

መጀመሪያ ሻጮች አሉ። የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅበታል። ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት ደግሞ ደንበኛ ይፈልጋል። ፈቃዳቸው በሚቀጥሉት ወራት የሚያበቃ ባለሙያዎች ዝርዝር ከነስልካቸው ለእንዲህ ያለ ድርጅት ወርቅ ነው። ድርጅቱ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ነርሷ ለመንግሥት የሰጠችው ቁጥር የእሱ ማስታወቂያ መላኪያ የሆነው በማን ፈቃድ ነው የሚል ነው።

ሁለተኛ ደላሎች አሉ። "ወደ ዓረብ ሀገር ነርስ እንልካለን፣ ደሞዙ በዶላር ነው" የሚለው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማን ነርስ እንደሆነ ማወቅ ነው። ዝርዝሩ ይህን በነጻ ይሰጠዋል።

ሦስተኛ አጭበርባሪዎች። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አደጋው ስልኩ ብቻውን መውጣቱ ላይ አይደለም፤ ከስም፣ ከሙያ፣ ከፈቃድ ቁጥርና ከማብቂያው ቀን ጋር አብሮ መውጣቱ ላይ ነው። እነዚህን አምስት ነገሮች የያዘ ሰው እንዲህ ብሎ መደወል ይችላል፦ "ሲስተር፣ ከፈቃድ ክፍል ነው የምንደውለው። የፈቃድ ቁጥርዎ ይህ ነው አይደል? ሰኔ 30 ያበቃል። ሲስተም ላይ ችግር ስላለ ዛሬ ካልታደሰ ይሰረዛል። ክፍያውን በዚህ ቁጥር ይላኩና የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩኝ።" የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ውሸቱ ማንነቱ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርታ የወጣች ነርስ ይህን እንዴት ትጠርጥር?

አራተኛ ቂም ያለው ሰው። ጠበቃ አንዱን ወገን ሲረዳ ሌላውን ያስከፋል። ኦዲተር ጉድለት ይጽፋል። የሕክምና ማስረጃ የሚሰጥ ሐኪም የሰጠው ወረቀት አንዱን ሊያሳስር ይችላል። የአእምሮ ሐኪም ከሕክምናው በኋላ ልትተወው የማትፈልግ ታካሚ ሊያጋጥማት ይችላል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ሳይፈሩ እንዲሠሩ የምንፈልግ ከሆነ ሥራ ቦታቸው ላይ ጥበቃ መቆሙ ብቻ አይበቃም፤ የቤታቸው መንገድም መሸሸግ አለበት።

አሜሪካኖች በምን ተማሩ?

መንግሥት የያዘው አድራሻ ምን ሊያመጣ እንደሚችል በጣም የሚታወቀው ታሪክ ከካሊፎርኒያ ነው። ሪቤካ ሼፈር የ21 ዓመት ተዋናይት ነበረች። አንድ ሲከታተላት የኖረ ሰው ለግል መርማሪ 250 ዶላር ከፍሎ አድራሻዋን አስፈለገ። መርማሪው ያገኘው ከየትም ሳይሆን ከግዛቲቱ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው። ሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. ሰውዬው በሯ ላይ ሄዶ ገደላት። መሥሪያ ቤቱ መረጃውን ሲሰጥ የጣሰው ሕግ አልነበረም፤ የሚከለክለው ሕግ ስላልነበረ። ካሊፎርኒያ ወዲያው ደንቧን አጠበቀች። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የአሽከርካሪዎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ ለመላው አሜሪካ ወጣ።

ያ ሕግ የሚሠራው ለነፍሰ ገዳይ ብቻ አይደለም። በሳውዝ ካሮላይና የሚሠሩ ጠበቆች ከዚያው ዓይነት መዝገብ የመኪና ገዢዎችን ስምና አድራሻ አውጥተው "በሻጮቹ ላይ ባለው ክስ ግቡ" የሚል ደብዳቤ ላኩላቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ደንበኛ ለመሳብ ተብሎ መረጃውን መጠቀም አይቻልም ተባለ። ለክስ ዝግጅት ነው መባሉ አላዳናቸውም።

ስለ ባለሙያዎች ደግሞ የካሊፎርኒያን መንገድ ተመልከቱ። እዚያ የሙያ ፈቃድ የሚሰጡ ብዙ ቦርዶች የባለፈቃዱን ስምና የፈቃድ ሁኔታ ኢንተርኔት ላይ እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ የታገደና የተሰረዘ ካለም ይጻፋል። አንድ አድራሻም ይወጣል። ግን ባለሙያው በቤት አድራሻው ፈንታ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ወይም ሌላ አድራሻ የማስመዝገብ መብት አለው። ቦርዱ እውነተኛውን አድራሻ ለውስጥ ሥራው መጠየቅ ይችላል፤ ለሕዝብ ግን አያወጣውም። የቤት ስልክ፣ የትውልድ ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ጭራሽ አይወጡም። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ቅጽ፣ ሁለት ሣጥን። አንዱ "ለሕዝብ"፣ ሌላው "ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ"።

እግረ መንገዴን፣ እዚያ በነርስነት ወይም በፋርማሲ የምትሠሩ ወገኖች ካላችሁ ፈቃዳችሁ ላይ የትኛው አድራሻ እንደተመዘገበ አሁኑኑ ገብታችሁ እዩ። የቤታችሁ ከሆነ በፖስታ ሣጥን መተካት ትችላላችሁ።

ሁሉም የአሜሪካ አሠራር ግን የሚቀዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ የአውሮፕላን አብራሪዎች አድራሻ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፤ የማይፈልግ አብራሪ "አታውጡብኝ" ብሎ መጠየቅ አለበት። እንግዲህ ሰው ቅጽ ሲሰጠው እንደተዘጋጀለት ትቶት እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። አፕ ስትጭኑ "አግሪ" ከመጫን በፊት ስንት ጊዜ አንብባችኋል? ስለዚህ ከመጀመሪያው ተዘግቶ የሚጀምር መሆን አለበት። መውጣት የፈለገ ይጠይቅ፤ መደበቅ የፈለገ አይለምን።

የኛ ሕግ ምን ይላል?

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአዋጁ መርሆች ለኛ ጉዳይ የተጻፉ ይመስላሉ። የግል መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ከዚያ ዓላማ ውጪ አይውልም። የሚሰበሰበው ለዓላማው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው። የያዘው አካል በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት። ባለቤቱ ምን እንደተያዘበት የማወቅና ስህተት ካለ የማስታረም መብት አለው።

በሌላ በኩል የመረጃ ነጻነት አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ዜጎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት ውድ ነው፤ እኔም ጋዜጠኞችም እንፈልገዋለን። ግን ያው አዋጅ ራሱ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ያለአግባብ እንዳይገለጥ ገደብ አስቀምጧል።

ስለዚህ ሁለቱ አዋጆች አይጣሉም። የመጀመሪያው ቤቱን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱን ይከፍታል። የሚጎድለው ወደ መስኮቱ የሚወርድ መመሪያ ነው። ማለትም "ከዚህ ቅጽ ላይ እነዚህ ይወጣሉ፣ እነዚህ አይወጡም" የሚል፣ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ እንኳ አንብቦ የሚረዳው አንድ ገጽ።

"ግን እኮ..."

ሦስት መከራከሪያ እሰማለሁ።

አንደኛው፣ "ባለሙያው ቢያጠፋ በምን እናገኘዋለን?" የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ፈቃድ ሰጪው ያገኘዋል። አቤቱታችሁን የምታቀርቡት ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እሱ ስልኩንም ቤቱንም ያውቃል። ፍርድ ቤት መጥሪያ ሲያስፈልገው በትእዛዝ ይወስዳል። እንዲያውም መሥሪያ ቤቱ "ስልኩን ይዛችሁ ራሳችሁ ጨርሱ" ካለ ሥራውን ለተበዳዩ እያሸከመ ነው። ጥፋተኛን ለመጠየቅ የሚጠቅመው የቅጣት መዝገቡ መታየቱ ነው። እሱ ይውጣ፤ ስለ እሱ የምከራከርበት ነገር የለኝም።

ሁለተኛው፣ "ስልኩ እኮ ቢዝነስ ካርዱ ላይ አለ" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ጠበቃና አርክቴክት ቁጥሩ እንዲታወቅለት ይፈልጋል፤ ሥራ የሚመጣው በእሱ ነው። ታዲያ ለእነሱ "ይህ ቁጥር ይውጣልኝ" የሚል ሣጥን ይዘጋጅ። ካርድ ግን እኔ ለመረጥኩት ሰው የምሰጠው ነው። ለአንዱ መስጠቴ ለሁሉም መስጠቴ አይደለም። ጎረቤቴ ቁልፍ ሰጥታኛለች ማለት ሰፈሩ በሙሉ ቤቷ ይግባ ማለት አይደለምና።

ሦስተኛው፣ "በጀት የለንም" ነው። ይህኛው ብዙም አያስኬድም። ኤክሴል ላይ የስልኩን ዓምድ ማጥፋት ገንዘብ አይጠይቅም። ፈቃድ መድረሱን ለማሳወቅ ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ስልክ አጭር መልእክት መላክ ይቻላል፤ ቁጥሩን የሰበሰባችሁት ለዚህ አልነበረም እንዴ? የግድ ዝርዝር መለጠፍ ካለበት ደግሞ የፈቃድ ቁጥር ብቻ ይለጠፍ። ባለቤቱ ቁጥሩን ያውቀዋል።

ከዝርዝር ወደ ጥያቄ

መሥሪያ ቤቶች ከሁሉ በፊት ቢቀይሩት የምለው የማሳያውን መንገድ ነው። የሁሉንም ባለሙያ ዝርዝር በአንድ ፋይል ማውጣት አንድ ነገር ነው። አንድ ዜጋ የፈቃድ ቁጥር ወይም ስም አስገብቶ የአንድ ባለሙያ መልስ ማግኘቱ ሌላ ነው። ሕመምተኛ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ እሱ የሚታከመው በአንድ ሐኪም እንጂ በሁሉም አይደለም። መላውን ዝርዝር የሚፈልገው በብዛት የሚሸጥበት ሰው ነው። የፈቃዱ ወረቀት ላይ ኪውአር ኮድ ቢኖር ደግሞ በስልካችሁ ስካን አድርጋችሁ "በሥራ ላይ ነው" ወይም "ታግዷል" የሚለውን ወዲያው ታያላችሁ። ይህ ለደንበኛም ከዛሬው ይሻላል፤ ፎርጅድ ፈቃድ የሰቀለ ሰው በዝርዝር ሳይሆን በእንዲህ ዓይነት ማረጋገጫ ነው የሚያዘው።

ከዚያ የውስጡ በር አለ። መረጃ በዌብሳይት ብቻ አይወጣም፤ በፍላሽም ይወጣል። ፋይሉን ማን ከፈተው፣ መቼ፣ ምን ኮፒ አደረገ የሚለው የሚመዘገብ ካልሆነ፣ "ዝርዝሯን ላክልኝማ" የሚል ወዳጅ ያለው አንድ ሠራተኛ ይበቃል።

እኛም የምንሠራው አለ። የስም ዝርዝር ከነስልክ ሲደርሳችሁ ፎርዋርድ አታድርጉ፤ ጓደኛችሁን ለማብሰር የእሷን መስመር ብቻ ቆርጣችሁ ላኩላት። ባለሙያ ከሆናችሁ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ፎን ነምበር ግቡ። ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ የሚጠይቀውን "ኖባዲ" አድርጉት፤ ከሥሩ በቁጥራችሁ ማን እንደሚያገኛችሁ የሚጠይቀውን ደግሞ "ማይ ኮንታክትስ"። ብዙዎቻችን የያዝነው ስልክ ሁለት ሲም ስለሚወስድ፣ ለቅጽ የምትሰጡት ቁጥር ባንክና ቴሌብር ያልታሰረበት ቢሆን ይመረጣል። ከፈቃድ ክፍል ነን የሚል ሰው ሲደውል፣ የፈቃድ ቁጥራችሁን ቢያውቅም እንኳ፣ ዘግታችሁ በመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ስልክ ራሳችሁ ደውሉ። ኮድ ለማንም አይነገርም።

ይህ ሁሉ ግን ሸክሙን እንደገና ባለሙያው ላይ መጣል ነው። ሴቲንግ መቀየር የተለቀቀ ፋይል አይሰበስብም። ዋናው መከላከያ ያለው ቅጹ የሚሞላበት መስኮት ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው እድሳት ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ቁጥር ለምን ትፈልጉታላችሁ? ማን ያየዋል? እንዳይወጣብኝ የምጽፈው የት ነው? መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ መልሱን ላያውቅ ይችላል፤ አለቃውን ይጠይቃል። አለቃውም ካላወቀ የበላዩን። በአንድ ቀን አሥር ሰው ይህን ከጠየቀ ያ አንድ ገጽ መመሪያ መጻፉ አይቀርም።